ጨረቃ ስትጎድል የት ቆሙ?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ እንደ በላን ልጄ ሙላት ስልኩን አውጥቶ በየተቀመጥንበት አዞረው። ሙላት እዚሁ ሰቆጣ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ዲግሪ የጫነ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ስልኩ ላይ ጢሙን ያሳመረ አንድ ሰውዬ በአማርኛ ያወራል። አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ ወጣን ያሉት ውሸት ነው፤ በረሃ መሀል አዳራሽ ሠርተው የቀረጹት ቲያትር ነው ይላል። ነፋስ በሌለበት ባንዲራው እንዴት ተውለበለበ? ሰማዩ ላይ ኮከብ የት ገባ? ብሎ ይጠይቅና መልስ ሳይጠብቅ ይስቃል። ከሥር ሰዉ አስተያየቱን እየጻፈ ያጨበጭብለታል።

«አያችሁ? ይኸን ሁሉ ዘመን ሲሸውዱን ኖረዋል» አለ ሙላት። ምራቴ ሳቀች። ባለቤቴም ምኑም ሳይገባት ሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። «ዝጋው» አልኩ። ሙላት ቀልድ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገው። ሰውዬው «እኔ እመኑኝ አልልም፤ ጠይቁ ብቻ ነው የምለው» ሲል ስልኩን ከልጄ እጅ ነጥቄ መደቡ ላይ ወረወርኩት። የልጅ ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ባለቤቴ «ምን ነካህ ሰውዬ? ጨረቃ ምንህ ናት?» አለችኝ።

ጨረቃ ምኔም አይደለችም። ማንም ይውጣባት ማንም አይውጣባት ማታ ማታ እዚያው አያታለሁ። ያንን ሳቅ ግን አውቀዋለሁ። ያንን «ጠይቁ ብቻ» የሚለውን ነገር አውቀዋለሁ። ስልክ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ መብራት እንኳ ሰቆጣ ሳይገባ፣ በአህያ ተጭኖ ቤታችን ድረስ መጥቶ አይቼዋለሁ። ልጆቼ ይህን ታሪክ በወጉ ሰምተውት አያውቁም። እህቴ በሕይወት ሳለች ማውራት አልወድም ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ቀደም ብሎ ስለ ሞተ እናቴ ከሰቆጣ ገበያ ወጣ ብላ በምትገኝ የድንጋይ ቤት ጠላ እየሸጠች ነበር የምታሳድገኝ። ታላቅ እህቴ ትብለጥ ቆላ ወርዳ ፃግብጂ ተድራ ወልዳ ከብዳለች። እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሰባተኛን ፍለጋ ወልድያ ወይም ደሴ የሚልከኝ አጥቼ፣ ጢሜ ሊያቆጠቁጥ ሲዳዳው ጠላ ቤት ለጠላ ቤት እውላለሁ። በገበያ ቀን ከአፋር በረሃ የመጣ አሞሌ ጨው የጫኑ አህዮች ደጃችን ላይ ይራገፋሉ። ነጋዴዎቹ አቧራቸውን አራግፈው ይገቡና የገብስ ጠላቸውን በሽክና ይዘው ወሬ ይጀምራሉ።

ከእነዚያ ሁሉ ወሬ አዋቂው አያ ዳኘው ነበር። የፃግብጂ ሰው ነው፤ አስመራ ብዙ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ተመልሶ ወደ ጨው ንግድ የገባ። አገር ያላየውን ያየ፣ ካኪ ሸሚዝ የሚለብስ፣ በቆዳ ማኅደር የተሸፈነች ራዲዮ በትከሻው የሚያንጠለጥል ሰው ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነው። አይጮህም። የተጣላ ያስታርቃል፣ ለሕፃናት ስኳር ያድላል፣ ለእናቴ ከገበያው ላቅ ያለውን አሞሌ መርጦ ያስቀምጥላታል። የእህቴን የበኩር ልጅ ምስጋናውን ክርስትና ያነሳውም እሱ ነው። እወደው ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ አይገባችሁም። የሚጠላ ሰው ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ከዚያ ቀደም፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወረደ የተባለ ጊዜ ወሬውን ሰቆጣ የሰማነው ከእሱ ራዲዮ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪያችን ነገሩን ሊያስረዳን ኩራዝና ሎሚ ይዞ ገባ። መስኮቱን ዘግቶ፣ ሎሚዋን ከኩራዙ ብርሃን ፊት በእኛ ዙሪያ እያዞረ፣ ጨረቃ ሙሉ የምትሆነውና የምትጎድለው ብርሃኑ በሚያርፍባት ልክ እንደ ሆነ፣ አካሏ ግን ምንጊዜም ሙሉ እንደ ሆነ አሳየን። በጣም ደስ አለኝ። ወደ ቤት እየሮጥኩ ሄጄ ጠላ ቤት ለተቀመጡት ሰዎች ሁሉ አወራሁ።

አያ ዳኘው በትዕግሥት ሰማኝ። ሽክናውን አስቀመጠ። «ጎበዝ። እሺ፣ ወጡ እንበል» አለኝ። «ጨረቃ ስትጎድል የት ቆሙ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሽማግሌ ጠላው ትን አለው። ስለ ሎሚውና ስለ ኩራዙ ልናገር አፌን ብከፍትም ማንም አልሰማኝም፤ እኔ ለማስረዳት ረጅም ነገር ያስፈልገኝ ነበር፣ እሱ አንዲት መስመር በቃችው። በሳምንቱ ጥያቄዋ ገበያውን አዳረሰችው። ሴቶች ውሃ ሲቀዱ፣ እረኞች ሲጫወቱ፣ ቄሶች ደጀ ሰላም ተቀምጠው ዳቦ ሲቆርሱ፣ ሁሉም «ጨረቃ ስትጎድል የት ቆሙ?» ይላል። አስተማሪያችን በመንገድ ሲያልፍ ከኋላው እየጮኹ ይጠይቁት ጀመር። መጀመሪያ ቆሞ ያስረዳ ነበር፤ በኋላ ግን አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ለመደ።

እውነቱን ልናገር ከተባለ ያን ጊዜ ማንም ምንም አልሆነም። ጨረቃ ሩቅ ናት። ቢያምኑም ባያምኑም እህሉ ይበቅላል፣ ላሟ ትታለባለች። ጉዳቱ የመጣው በዚያች ጥያቄ አያ ዳኘው ባገኘው ወንበር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ግራ የገባው ነገር ሲኖር «አያ ዳኘው ምን አለ?» ማለት ጀመረ። እሱም ወንበሩን ወደደው።

ሁለት ሦስት ክረምት እንዳለፈ፣ አዝመራ ተሰብስቦ አውድማው ባዶ በሆነ ጊዜ፣ አሰፋ የሚባል ከታቢ ከደሴ መጣ። ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት በየአገሩ ከተሰማሩት አንዱ ነው። ቀጠን ያለ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ቁጣው ቅርብ የሆነ ወጣት ነበር። ፃግብጂ ለመውረድ የአገው ቋንቋችንን የሚያውቅ አስተርጓሚ ፈለገ፤ እኔን አሳዩት። እናቴ በሶ ቋጠረችልኝና ተነሣን።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። ጠዋት የደጋው ብርድ ጆሯችንን እየቆረጠው እንነሣና ቀትር ላይ ግራር ሥር ተቀምጠን በላብ እንጠመቃለን። የአሰፋ በቅሎ ጠጠሩን ስለ ፈራች አብዛኛውን የምንጎትታት እኛ ነበርን። በሶውን በውሃ በጥብጠን እንጠጣለን። በየመንደሩ ማር የሚያቀርቡልን ሰዎች ነበሩ፤ የዋግ ማር ነጭ ነው፣ በጣት ሲያነሡት እንደ ቅቤ ይቆማል። አሰፋ ማር ሲልስ ቁጣው ይበርድለት ነበር።

ሥራው ቀላል ነው። መድኃኒቱ በብልቃጥ ነው፤ መርፌዋ አጭር ስትሆን ጫፏ ለሁለት የተከፈለ ነው። አሰፋ ክንዱን ይዞ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ የደም ጠብታ ብቅ ትላለች፣ አለቀ። በቀናት ውስጥ ቦታው ያብጥና ይመግላል፤ ሲድን ክብ ጠባሳ ይተዋል፤ ሊጥ ላይ አውራ ጣት ተጭኖ የተነሣ ይመስላል። መጀመሪያ በደረስንባቸው መንደሮች ሰዉ አላስቸገረንም። አንዳንድ እናቶች «ክትባት» ሲባል ክታብ መስሏቸው «አንገት ላይ አይታሰርም ወይ?» ይሉ ነበር፤ እኔም እየሳቅሁ አስረዳለሁ። በአንድ ቀን የስንቱን ክንድ አየሁ! ያን ጠባሳ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳስሼ የምለየው ሆንኩ።

እህቴ ያለችበት አካባቢ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። አሰፋ «ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦልናል» ብሎ ደስ አለው። ከፍየል ተራው አጠገብ ሣጥኑን አወረድን፤ እኔ ድንጋይ ላይ ቆሜ ተጣራሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ልጇን ይዛ ቀደመች። የልጁን ክንድ ገልጣ እያለች አያ ዳኘው አህዮቹን አስሮ፣ ራዲዮውን አንጠልጥሎ መጣ።

ስሜን ጠርቶ ግንባሬን ሳመኝ። አሰፋንም እጅ ነሣው። ከዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ በአገውኛ፣ «ይህን መርፌ ማን ነው የላከው በልልኝ» አለኝ። ተረጎምኩ።

«መንግሥት ነው። የዓለም መንግሥታትም ተባብረውበታል» አለ አሰፋ።

«አሜሪካም አለችበት?»

«አለችበት።»

«ያችው ጨረቃ ላይ ወጣሁ ያለችው?»

ሳቁ ከፍየል ተራ እስከ ጨው ተራ ተሰማ። እኔ መሀላቸው ቆሜ የሁለቱንም ቃል በአፌ እያመላለስኩ ነው። አያ ዳኘው እጁን አንሥቶ ሕዝቡን ዝም አሰኘ። «ቆይ፣ አትሳቁ። እኔ አትከተቡ አላልኩም። የወደደ ይከተብ። እኔ የምለው ጠይቁ ነው። ግብር ሊቀበል ካልሆነ መንግሥት በቅሎ ጭኖ እዚህ ወርዶ ያውቃል? ዛሬ ምን አገኘውና በነጻ ሊሰጠን መጣ? የመርፌውን ጫፍስ አይታችሁታል? እንዲህ ለሁለት የሚሰነጠቅ የማን ምላስ ነው? ሴቶቻችን ከዚህ በኋላ ባይወልዱ ማንን እንከሳለን? እኔ አላውቅም። ጠይቁ።»

ይህን ስተረጉም የአሰፋ ፊት ቀላ። የሚናገረው ነገር ነበረው፤ ሐኪም ያስተማረው ነው። ግን ፀሐይዋ አናቱን እየመታችው፣ ሕዝቡ እየሳቀበት፣ ትዕግሥቱ አለቀ። «ደንቆሮ ሕዝብ! ሙቱ እንግዲህ!» አለ።

ያችን አልተረጎምኳትም። መተርጎምም አላስፈለጋትም፤ አማርኛ የሚሰማው ብዙ ነበር። ያቺ ነፍሰ ጡር የልጇን ክንድ በነጠላዋ ሸፈነችና ወደ ኋላ ሸሸች። እሷን ተከትሎ ሁሉም ሸሸ። አያ ዳኘው ያሸነፈ ሳይሆን ያዘነ ሰው መስሎ ራሱን ነቅንቆ ወደ አህዮቹ ተመለሰ። የዚያን ቀን አንድም ሰው አልተከተበም።

አሰፋን አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ቤት አሳርፌ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ትብለጥ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝ። ምስጋናው ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነው፤ ጉረኛ፣ ፊቱ ክብ፣ ጀርባዬ ላይ ወጥቶ «በቅሎ ሁን» እያለ የሚያስጨንቀኝ። ታናሽ እህቱ ዝማም ገና በጡት ናት። ለእህቴ ባል ለፈንታ ስለ ክትባቱ አነሣሁለት። ፈንታ ክፉ ሰው አይደለም። እጁን ታጥቦ ሲያበቃ «አያ ዳኘው የልጄ የክርስትና አባት ነው። ለእኔ ክፉ ይመክረኛል?» አለኝ። ወደ እህቴ ዞርኩ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባታቸው ያለውን ነው» ብላ እሳቱን ቆሰቆሰች። በማግሥቱ እኔና አሰፋ በሽታው እዚያ ቆላ እንዳይደርስ ተስፋ አድርገን ወደ ሰቆጣ ወጣን።

በሽታው የደረሰው ከሰርግ ወቅት በኋላ ነው። ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ የለም፤ ለሰርግ ከወዲያ ማዶ የመጡ እንግዶች ነበሩ ይባላል። እኛ ጋ አንድ ጨው ነጋዴ ለእናቴ «ምስጋናው ታሟል» የሚል መልእክት ሲያመጣ ቶሎ ተነሣሁ። ያን መንገድ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ሄጄው አላውቅም። ስደርስ ግን ከእህቴ ደጅ ዳስ ተጥሏል። ልጁን ቀብረውት ተመልሰዋል።

ትብለጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ሳቅፋት እንጨት ያቀፍኩ መሰለኝ። ዝማምን ልጁ እንደ ታመመ የፈንታ እናት ዘንድ አሽሽተዋት ስለ ነበር ተርፋለች አሉኝ። በመንደሩ ሌሎችም ሞተዋል፤ አንዲት ልጅ ዓይኗ ጠፍቷል። ከዳሱ መሀል፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ አያ ዳኘው ተቀምጧል። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ልጁ ከታመመበት ቀን ጀምሮ ከአልጋው ሥር ሳይነሣ አስታሞታል አሉኝ። ውሃ ያጠጣው፣ ቁስሉን የጠረገለት፣ በመጨረሻም ታቅፎት የነበረው እሱ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አብሬያቸው አልቅሼ እወጣ ነበር። እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ግን ያን ለስላሳ ድምፅ ሰማሁት። «ነግሬአችሁ ነበር» ይላል። «መርፌውን አንወስድም ስንላቸው ጊዜ በሽታውን ረጩብን። ይህ በሽታ የእግዜር አይደለም። አምጥተውብን ነው። ከታቢው መጥቶ በሄደ በስንተኛው ነው የገባው? ጠይቁ።» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፈንታ፣ የልጁ አባት፣ እሱም ራሱን ይነቀንቃል።

እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። ልብሱን ጨምድጄ ስጎትተው ራሴን አገኘሁት። «ውጣ! ውጣ ከዚህ! አንተ ነህ የገደልከው!» አልኩት። በሕይወቴ ሙሉ አንቱ ያልኩትን፣ አባቴ ቢኖር የሚያከብረውን ሰው «አንተ» አልኩት፤ ሰዉን ያስደነገጠው መጀመሪያ ይኸው ነው። ሊይዙኝ ተነሡ። እሱ ወደ ኋላ፣ እኔ ወደ ፊት ስንጓተት ያ አሮጌ ካኪ ሸሚዝ ከትከሻው ተተርትሮ እጅጌው በእጄ ቀረ።

ክንዱ ላይ ጠባሳው አለ። ክብ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ሊጥ ላይ ተጭኖ የተነሣ አውራ ጣት።

ከዚያ ክንዱን ይዤ ወደ ላይ አነሣሁት። «እዩ! ተከትቧል! እሱ ራሱ ተከትቧል!» ብዬ በአገውኛ ጮኽኩ፣ መልሼ በአማርኛ ጮኽኩ። «እሱ ራሱን አድኖ ልጃችሁን አስገደለ! እዩት!» ሰዉ ሁሉ አየ። ፀሐይ ነው፤ ቀትር ነው፤ ያላየ አልነበረም። አለቀለት ብዬ አሰብኩ። ለቅሶ ቤት መሆኔን ረስቼ ደስታ እንኳ ተሰማኝ።

አያ ዳኘው ክንዱን አላስለቀቀኝም። ጋቢውንም አልፈለገም። ቀስ ብሎ ሕዝቡን በሙሉ ዞሮ አየ፤ እንባው ወረደ።

«አዎ» አለ። «አስመራ ፋብሪካ ውስጥ ጣሊያኑ አሠልፎ በግድ ወጋኝ። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አፍሬ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ሽበት አወጣሁ። ልጄ የታለ? ንገሩኝ፣ ከእናንተ መሀል የዳኘውን ልጅ ያየ አለ? ካወቅሁት የተነሣ ነው የነገርኳችሁ።»

እውነት ነው፣ ልጅ አልነበረውም። በሁለት ትዳር አልወለደም። ሴቶቹ ዋይ አሉ። እንደዚያ ያለ ልቅሶ ለምስጋናው እንኳ የተለቀሰ አይመስለኝም። አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው በጋቢያቸው ክንዱን ሸፈኑለት። ያ ጠባሳ፣ እኔ የመዘዝኩት ጠባሳ፣ የእሱ ምስክር ሆነ። እስከዚያ ቀን የሚጠራጠሩት ጥቂት ሰዎች ቢኖሩ ከዚያ በኋላ አልተጠራጠሩም።

እኔ ላይ ፈረዱብኝ። ለቅሶ ቤት ታላቅ ሰው ደፍሬያለሁ። ፈንታ «አማቼ ነው፣ ማሩልኝ» ብሎ ስለ ለመነልኝ ቀለለልኝ እንጂ ነገሩ ወደ ደም ይሄድ ነበር። ድንጋይ ከማጀርቴ ላይ ጭነውብኝ እያጎነበስኩ ሄጄ ከአያ ዳኘው እግር ሥር ወደቅሁ። «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ» አለኝ፤ ድንጋዩን ራሱ አነሣልኝ፤ ግንባሬን ሳመኝ። ያ መሳም እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ወደ ሰቆጣ ከተመለስኩ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ እናቴ ጠላ እየጠነሰሰች ሳለች፣ ትብለጥ ዝማምን አዝላ ከበራችን ቆመች። እግሯ አቧራ ለብሷል። ባሏን «ለልጁ ነፍስ ደብር ልሳለም» ብላ ነው የወጣችው። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ «ያ ሰውዬህ አለ?» አለችኝ። አሰፋን ማለቷ ነው።

«ምን ልታደርጊው?»

«ልጅቱን ይውጋልኝ።»

እንዴት እንደ ሆነ ስጠይቃት ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ነገረችኝ። «አያ ዳኘው ምስጋናውን አቅፎት ነው የዋለው። መግሉን በእጁ ነው የጠረገው። ፈንታ በትንሹም ቢሆን ታሟል፣ እኔ ልጅ ሆኜ ፈንጣጣ ስለ ወጣብኝ ነው የተረፍኩት። እሱን አልነካውም። አንዲት ነጥብ አልወጣበትም። ጠባሳውን ስታሳየን ይህንን አሰብኩ።»

ያ ሁሉ ሰው ከሞላበት ዳስ ነገሩ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው።

አሰፋን ከጤና ጣቢያው ፈልጌ አመጣሁት። ዝማም ጮኸች፣ የደም ጠብታ ወጣ፣ አለቀ። በሳምንቱ ፈንታ ልጁን አቅፎ ሲያጫውት የሚመግለውን ክንድ አየ። እህቴን አልመታትም። «አያ ዳኘውን ምን ብዬ ልየው? አገሩን ምን ብዬ ልየው?» ብቻ አላት፤ ከልጇ ጋር ወደ እናቷ ሸኛት። ድጋሚ አላገባችም። እናቴ ስትደክም ጠላውን እሷ ጠምቃ፣ ዝማምን አሳድጋ፣ እኔንም ደሴ ልካ አስተማረችኝ። መምህር የሆንኩት በእሷ ጠላ ነው።

ዝማም አድጋ አገባች፣ ልጆች ደረደረች። የበኩሯን ስትወልድ አያ ዳኘው በሕይወት ነበር፤ ሸምግሎ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ አሁንም ተከብሮ። የመንደሩ ሰዎች «ያቺ የተወጋችው ልጅ ወለደች እኮ» ቢሉት፣ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ለእሷ የደረሳት መርፌ የተበላሸ ነበር» አለ። ይህንንም አመኑት። ሲሞት ሦስት ደብር ነው የቀበረው አሉ። እኔ አልሄድኩም። እናቴ በሕይወት ብትኖር ትቆጣኝ ነበር፤ ግን አልሄድኩም፤ አልቆጨኝም።

አያ ዳኘው ውሸታም ነበር ወይስ የሚለውን ያምን ነበር እያልኩ ብዙ ዘመን አስቤያለሁ። ልጁን እንደ ወደደው አልጠራጠርም። አስመራ እንደ ከብት አሠልፈው እንደ ወጉት፣ አለቆቹ እንዳዋረዱት፣ ያ ነገር ሆዱ ውስጥ እንደ ቀረም ይገባኛል። ስለ ግብሩ የተናገረው እውነት ነበር፤ መንግሥት ለሌላ ነገር ወርዶ አያውቅም። ይህ ሁሉ ገብቶኝ ሳበቃ ይቅር አላልኩትም። ያን ቀን ገበያ ላይ ለሰዉ የሰጠው ነገር ጣፋጭ ነበር። ድሃውን፣ የተናቀውን ሰው፣ ለአንድ ቀን ከደሴ ከመጣው ጫማ ከተወለወለው ልጅ በላይ አዋቂ አደረገው። ማር ነው። እኔም ጠላ ቤት ውስጥ በሎሚና በኩራዝ ስለፈልፍ ሰዎቹ የሳቁት ሳቅ ከልባቸው ነበር። ግን የማሩን ዋጋ የከፈለው ሌላ ነው፤ አምስት ዓመቱ ነበር።

ዛሬ ሙላት በስልኩ የሚያየው ሰውዬ አህያም ራዲዮም አያስፈልገውም። ለማን እንደሚናገር አያውቅም፤ የማንንም ልጅ አላቀፈም፤ ለቅሶ ቤትም አይመጣም። በዚህ እንኳ አያ ዳኘው ይሻለዋል። ዛሬ ጨረቃ ነው። ነገ ምን እንደሚሆን ወንበሩን ሲወድደው እናያለን።

ማክሰኞ ዕለት ሙላት ብቻውን መጣ። ተቀያይመን መሰንበቱ ከብዶታል። ስልኩ አልተሰበረም፣ ጥግ ላይ ተሰነጠቀ እንጂ። አጠገቤ ተቀመጠና «አባባ፣ መቆጣት ምን ያደርጋል? ተሳስተሃል ካሉኝ ማስረጃዎን ያሳዩኝና እቀበላለሁ» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው። የተማረ ሰው አነጋገር ነው። እጄን ወደ ማጀርቴ ሰደድኩ።

«አንድ ጊዜ ማስረጃ በገዛ እጄ ቀድጄ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ለሕዝብ አሳይቼ ነበር» አልኩት። «ድንጋይ አሸከሙኝ።»